ለቅሶ በፍሳሽ ኩሬ ዳር

ለቅሶ ላይ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይዣለሁ። እኔ ብቻ ሳልሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ አልቅሷል። ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱን ከወፎቹ ጋር እኩል ነው የምካፈለው።

ቆይ፤ እንዲህ ከመሃል ስጀምር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሳወራም ስጽፍም እንዲሁ ነኝ። አንዱን ነገር ስይዝ ሌላው ይቀድመኛል፤ የቀደመውን ልከተል ስል የመጀመሪያው ይጠፋብኛል። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ፈረንሳይኛዬን ግማሽ ላይ፣ ሂሳቡን ከግማሽም በታች ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለስኩ። ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ከመኪና ስወርድ ተቀበለኝና «አይዞህ፣ የቀረውን እኔ አስተምርሃለሁ» አለኝ። እሱ ከፊደልና ከዳዊት ያለፈ ትምህርት አልነበረውም። ሊያስተምረኝ ያሰበው ለካ ወፍ ኖሯል።

ጣሊያን ከጣርማ በር ወርዶ መንገዱን ወደ ደሴ ሲገፋ ከከተማችን በታች ካምፕ ሠራ። ካምፕ ማለት ሰው ነው። ሰው ይበላል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ሌላም ሌላም ያደርጋል። የዚህ ሁሉ ውሃ በአንድ ቦይ ቁልቁል ወርዶ ከማሽላው ማሳ ጫፍ በተቆፈረ ሰፊ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ሽታውን አልገልጽላችሁም። ይህን ብቻ ልበል፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ አህያ እንኳ ይፈጥን ነበር። የቆላን አህያ የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ጌታነህ መጀመሪያ መንገዱ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ተንከባሎ ቀኝ እግሩን ሰበረው። አጥንቱ ጠሞ ገጠመና ከዚያ ወዲያ ሲራመድ በአንድ በኩል ዝቅ፣ በሌላው ብድግ ይል ነበር፤ አንድ የማይታይ ደረጃ እየወጣ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ካቦው፣ ጣሊያኑ የሠራተኞች አለቃ፣ ለድንጋይ አይሆንም ብሎ ቦዩን እንዲጠርግና ኩሬውን እንዲጠብቅ አደረገው። ማንም የማይፈልገው ሥራ ነው። ጌታነህ ግን አውራጃ የተሾመ ያህል ደስ አለው።

ደስታው በወፎቹ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ወፎች መጥተው ያንን ኩሬ ይሞሉታል። ዳክዬ የሚመስሉት ይብራዎች መሃሉ ላይ ይንሳፈፋሉ። ዳር ዳሩን ደግሞ እግራቸው እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነ፣ ምንቃራቸው እንደ ወስፌ የረዘመ ወፎች ጭቃውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፤ ስፌት የተቀጠሩ ነው የሚመስሉት። ወይ ሽታ አያውቁም፣ ወይ ያውቁና ይሉኝታ ይዟቸዋል። ጌታነህ ማታ ማታ ስለ እነሱ ያወራኛል። እኔ እሺ እሺ እላለሁ፣ ሐሳቤ ግን አዲስ አበባ ነው።

ከወስፌ ምንቃሮቹ መሃል አንዲት ነበረች። ቀኝ እግሯ ተሰብሮ የገጠመ ነው። ካቻምናም መጥታለች፣ ዓምናም መጥታለች። አንካሲት ይላታል።

«እኔና እሷን የሰበረን አንድ ካቦ ሳይሆን አይቀርም» ይለኝ ነበር። «ልዩነታችን እሷ ስትመረር ብድግ ብላ ትሄዳለች።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። በእኛ ቆላ ወፍ ማለት የማሽላ ሌባ ማለት ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርር ይውላል። ስለዚህ ወፍ የሚያይ ሰው በእጁ ወንጭፍ ካልያዘ ጤናው ያጠራጥራል። ጌታነህ ይወደድ ስለነበር ዝም አሉት። ዕድሉ ለእኔ አልደረሰኝም።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ጌታነህን ወባ ጣለው። ከዚህ በፊትም ጥሎት ተነስቷል፤ አሁንም ይነሳል ብለን ነበር። ትኩሳቱ ሲያይል እማዬ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። እሱ ዓይኑን ገለጠና ቀስ ብሎ ጠራኝ።

«አንካሲት መጣች?»

«አልመጣችም።»

«ስትመጣ ንገረኝ።»

«እሺ።»

በቃ። ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስንት ነገር በተናገረ። እኔ እሺ አልኩ። እማዬ ውሃውን ይዛ ስትመለስ ትንፋሹ ተቋርጦ ነበር።

ቀብሩ ላይ ወንዶቹ ሁሉ ተራ በተራ እየተነሱ ስለ ጌታነህ ደግነት ሙሾ አወረዱ። ተራው የእኔ ሲሆን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣ ነገር የለም። እንባም የለም። መልሼ ዘጋሁት። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ትምህርት ልቡን አድርቆበት ነው» ስትል ሰማሁ። እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ትንሽ አሰብኩ፤ ካሰብኩት ነገር ግን ውስጤ የቀረው አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው እሺ ብዬዋለሁ። ሰውየው ሄዷል፣ እሺው ግን እኔ ጋ አለ።

ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ ኩሬው ዳር ሄድኩና ተቀመጥኩ።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ወፎች አሉ፤ ከመሃላቸው አንድ እግሯ የተበላሸውን ማየት ነው። ተቀምጬ ቀና ብል ምን አየሁ መሰላችሁ? ዳር ላይ የቆሙት ወፎች በሙሉ ባለ አንድ እግር ናቸው! ደንግጬ ተነሳሁ። ቆይቼ ስረዳ ለካ እነዚህ ወፎች ሲያርፉ አንዱን እግራቸውን አጥፈው ሆዳቸው ውስጥ ይወሽቁታል። የታጠፈው እግር ደህና ይሁን የተሰበረ እግዜር ነው የሚያውቀው። ካልተራመዱ አይታወቅም። እነሱ ደግሞ ከቆሙ ቆሙ ነው፤ ጥበቃ ላይ ያለ ዘበኛ እንዲያ አይቆምም። ጌታነህ ይህን አንድ ነገር ሳይነግረኝ መሄዱ አናደደኝ። ወይም ነግሮኝ ይሆናል፤ ማታ ማታ እሺ እሺ ስል።

እንዲህ አፍጥጬ ሳለ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው መጡ። ለካ ቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው አጥተውኝ ኖሯል።

«ምነው ልጄ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ወፍ አያለሁ፣ እትዬ።»

እጄን አዩ። «ወንጭፍህስ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ በምንህ ታያለህ?»

«በዓይኔ።»

ፊታቸው ላይ ያነበብኩትን እኔ ልድገመው አልፈልግም። «እግዜር ያጽናህ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ወደ ቤት ይመለሱ እንጂ፣ ሽታው…»

«ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል እንዴ! ለቅሶ የሚደረሰው ለግድግዳ ነው ለሰው?»

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልማዳችንን ታውቃላችሁ። ሐዘንተኛ ካለበት ተሂዶ ይደረሳል፣ ከጎኑ ይቀመጣሉ፣ ብቻውንም አይተዉትም። አባቶቻችን ይህን ሲደነግጉ ሐዘንተኛው ሄዶ ፍሳሽ ኩሬ ዳር ይቀመጣል ብለው አላሰቡም። እትዬ ዘነበች እዚያ መቀመጣቸውን የሰማ ሁሉ ሌላ ምርጫ አጣ። በማግስቱ የታችኛው ሰፈር ሴቶች መጡ። አንዷ ምንጣፍ አመጣች፣ አንዷ ንፍሮ አመጣች። ሰው ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያስራል፤ የዘረፋ ጓድ ነው የምንመስለው። እኔ መሃል ተቀምጬ አንገቴን በሰው ትከሻ መሃል እያሾለክሁ ወፎቹን አያለሁ። እነሱ ሐዘን ያንገበገበኝ መስሏቸው ትከሻዬን ይይዙኛል። ትከሻዬን በያዙኝ ቁጥር አንዷ ወፍ እግሯን ታወርዳለች፤ ሳላይ ያመልጠኛል።

ጋሽ ይመር የመጡት በዚያን ቀን ከሰዓት ነው። ማሳቸው ከኩሬው አጠገብ ነው፤ በወንጭፍ ደግሞ በመላው ቀወት የሚደርስባቸው የለም ይባላል። «ሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ ልጄ፣ ጌታነህ የአላህ ሰው ነበር» አሉኝ፣ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ ዓይናቸው ኩሬው ላይ አረፈ። ወፎች! እጃቸው ወገባቸው ላይ ወዳለው ወንጭፍ መቼ እንደሄደ ማንም አላየም። ቿ! አለ ወንጭፉ። ድንጋዩ ውሃው መሃል ገባ፣ የኩሬው ወፍ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ተነስቶ ሰማዩን ሞላው፣ ከዚያ ባዶ ሆነ።

ጋሽ ይመር ወንጭፉ እጃቸው ላይ እንደተንጠለጠለ አዩኝ።

«አስተግፊሩላህ! እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

እትዬ ዘነበች ተቆጡ። «ምን አደረጉ አንቱ! ልጁ እኮ ወፍ እያየ ነው የሚጽናናው!»

«በዓይኑ?»

«አዎ፣ በዓይኑ! እኛም ተቸግረናል፣ ግን ለቅሶ ነው።»

ጋሽ ይመር ወንጭፉን አጣጥፈው ለእትዬ ዘነበች ሰጧቸው። «እንግዲያው ተቀመጪበት። ካልተቀመጥሽበት አላምነውም።» እትዬ ዘነበችም ተቀመጡበት። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ጋሽ ይመር ወፍ ባለፈ ቁጥር እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይደብቁ ነበር።

ወፎቹ ተመልሰው የመጡት በንፍሮው ምክንያት ነው። አንዲት ሴት እፍኝ ንፍሮ ወደ ውሃው በተነች። ይብራዎቹ ተንሳፍፈው መጡና ጥርግ አደረጉት። ይብራዎቹ ሲረጋጉ ወስፌ ምንቃሮቹም ተመልሰው ዳር ዳሩን ያዙ። እትዬ ዘነበች «ለቅሶ የመጣ ሳይቀምስ አይሄድም» አሉና ሌላ እፍኝ ጨመሩ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለእኔ እግዜር ያጽናህ፣ ለይብራዎቹ ንፍሮ ሆነ። ተቀምጠውም ስለ ጌታነህ ያወራሉ። አንካሳ እግሩን ይዞ የሰው ሠርግ ላይ እንዴት እንደጨፈረ፣ ካቦውን ከኋላው ሆኖ እንዴት እንደሚያስመስለው፣ የማንን ልጅ ጀርባው ላይ አዝሎ ወንዝ እንዳሻገረ። ይስቃሉ። ቤት ውስጥ እማዬ ፊት የማይሳቀውን ሳቅ ነበር እዚያ የሚስቁት። እኔም አንዳንዴ ወፎቹን ረስቼ እሰማ ነበር።

መጥፎው ወሬ የደረሰን ቀናት አልፈው እንዲህ ደህና በሆንንበት ሰዓት ነው። ከካምፑ የሚወጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ቆሞ አጽናናኝና «ካምፑ ወደ አጣዬ በኩል ሊዛወር ነው፤ ነገ ቦዩን ድፈኑ ተብለናል» አለ። ቦዩ ከተደፈነ ኩሬው በቆላው ፀሐይ ምን ያህል ይቆያል? ወፍስ ደረቅ ጭቃ ላይ ምን ትሠራለች? አንካሲት ሰማይ ላይ ሆና ቁልቁል ታይና ውሃ የለም ብላ ታልፋለች። እኔም እሺዬን ይዤ እቀራለሁ።

እንግዲህ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ጣሊያንን ትንሽ ቀን አቆይልኝ» አልኩ። በተራራው ላይ ያሉት አርበኞች ለስንት ጊዜ ሲዋጉለት የነበረው ነገር ሊጀመር ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አስቀርልኝ እላለሁ! ደንግጬ «ከዚህ ካምፕ ብቻ፣ ለትንሽ ቀን ብቻ፤ ከዚያ እንደ ፈቃድህ አባረው» ብዬ አረምኩት። በመላው ይፋት ጣሊያን እንዲቆይ የጸለየ ሐበሻ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ባንዳ ሆኜ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ።

ከጸሎቱ በኋላ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ወፎቹን ማስኬድ አለብኝ፤ ሲራመዱ አይቼ ልለያቸው። ቀስ ብዬ ወደ ዳሩ ወረድኩ። ከላይ ሲታይ ጠንካራ የሚመስል ጭቃ ነበር። አንድ እግሬን አሳረፍኩ፣ ያዘኝ። ሁለተኛውን አሳረፍኩ፣ እስከ ወገቤ ዋጠኝ።

«ልጁ ሄደ! ኧረ ልጁ ሄደ!» እትዬ ዘነበች ጮኹ።

ጋሽ ይመር ከዘራቸውን ዘርግተው ሮጡ። «ያዝ! በአላህ፣ ያዝ! ያዝ እንጂ! ቆይ፣ ግን አትጠጋኝ!»

በከዘራ ጎትተው አወጡኝ። ወፎቹ በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል አንድ እግራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። አንድም የተራመደ የለም።

ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት ደረስኩ። እማዬ በር ላይ አስቆመችኝ። ለነገሩ በዚያ ሽታ ማንም ቢሆን ያስቆመኝ ነበር።

«አትግባ! እዚያው ሁን! ለቅሶዬን ወስደህ ኩሬ ዳር ተከልክ፤ እኔ እዚህ ከባዶ ምንጣፍ ጋር እውላለሁ። አሁን ደግሞ ይህን ተሸክመህ መጣህ!»

በእንስራ ውሃ አምጥታ ከአናቴ ላይ ታፈስ ጀመር። እየተቆጣች ታፈሳለች፣ እያፈሰሰች ትቆጣለች። ከዚያ መሃል ላይ አቆመች። እንስራውን እንደያዘች ቆመች።

«ሁልጊዜ ማታ እንዲህ እየሸተተ ነበር የሚመጣ» አለች። «ሁልጊዜ እጮህበት ነበር።»

ውሃው ከፀጉሬ ይንጠባጠባል። ሸሚዜን ከጀርባዬ ላይ ገፈፈችኝ። ታጥበዋለች ስል አጣጥፋ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ተመልሳ ስትወጣ ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ምንድን ነው እዚያ የምትፈልገው?»

እየተቆራረጥኩ ነገርኳት። አንካሲትን፣ ስትመጣ ንገረኝ ያለኝን፣ እሺ ያልኩትን። ሰማችኝና ራት አቀረበች።

በማግስቱ የጳጉሜ ሩፋኤል ነበር። ጠዋት ሰማዩ ከብዷል። ኩሬው ዳር ደርሼ ምንጣፉን ሳነጥፍ እማዬ የንፍሮውን ድስት በራሷ ላይ አድርጋ በማሽላው መሃል መጣች። ሰው ሁሉ ተነሳ። «ለቅሶው ወደዚህ ከሄደ እኔ ብቻዬን ለማን ልቀመጥ?» አለችና መሃላችን ተቀመጠች። አፍንጫዋን አልሸፈነችም። ያንን ያደረገ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ብዙም ሳንቆይ አካፋ የያዙ የቀን ሠራተኞች ከካምፑ ወረዱ። ከኋላቸው ካቦው፣ ካኪ የለበሰው አስተርጓሚና ጠመንጃ የያዘ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ አለ። ሠራተኞቹ ቦዩን ሊደፍኑ ነው የመጡት። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከጌታነህ ጋር አብረው ድንጋይ የፈለጡ ናቸው። መንገዳቸው ላይ ምን አገኙ? ለቅሶ። እናቱ የተቀመጠችበት ለቅሶ! በለቅሶ አጠገብ አካፋ ይዞ የሚያልፍ ምን ዓይነት ሰው ነው? የመጀመሪያው አካፋውን ጣለና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ መጥቶ ተቀመጠ። ሁለተኛው ተከተለ። ትንሽ ቆይቶ ቦዩ አፍ ላይ የቀረው የአካፋ ክምር ብቻ ነበር።

ካቦው ፊቱ ቀላ። ጮኸ። አስተርጓሚው መጣ።

«ይህ ስብሰባ ምንድን ነው ይላል። ስብሰባ ክልክል ነው ይላል።»

ሰው ሁሉ የተማረ ነው ብሎ ወደ እኔ አየ። ተነሳሁ። «ወ… ወፍ እየጠበቅን ነው» አልኩ።

አስተርጓሚው «ይህን አልተረጉምም» አለኝ። «ቀለደብኝ ብሎ እኔን ነው የሚገርፈኝ። ሌላ ነገር ንገረኝ።»

«ለቅሶ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች።

ይህን ተረጎመው። ካቦው ኩሬውን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። እዚህ ቆሻሻ ላይ ማን ያለቅሳል እንዳለ ሳይተረጎምም ገባን። ለአስካሪው አንድ ነገር ጮኸ። አስካሪው ጠመንጃውን አነሳ።

«እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ! ዝም በሉ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለ አስተርጓሚው።

ሁላችንም እጃችንን ጭንቅላታችን ላይ አደረግን። ወደ ካቦው ስመለከት ግራ ገብቶት አየሁት። አሁን የጎደለን ነገር ሞልቶ እውነተኛ ለቅሶ መስለናል፤ በእኛ አገር እጁን ጭንቅላቱ ላይ ያደረገ ሰው ከሐዘንተኛ ሌላ ማን ነው? እማዬ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ስታየው አስተርጓሚው ሳይቀር ባርኔጣውን አወለቀ። ካቦው ተናገረ።

«ቶሎ አልቅሱና ጨርሱ ይላል።»

በዚያ ኩሬ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጹም ፀጥታ ሆነ። የሚያወራ የለም፣ ንፍሮ የሚበትን የለም። ጋሽ ይመር እጃቸው አናታቸው ላይ ስለሆነ ወንጭፍም አያሰጋም። ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ዝናብ፣ ደቃቅ፣ እጃችንና አናታችን ላይ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጸበል ነው ብለን እንሮጥበት ነበር። አሁን ተቀምጠን ተጠመቅን።

ወፎቹም ረጠቡ። አንዷ ክንፏን አራገፈች፣ የታጠፈ እግሯን አወረደች፣ ተራመደች። ሌላዋ ተከተለች። ዳር ላይ የቆሙት ሁሉ እግራቸውን እያወረዱ በውሃው ጫፍ መሄድ ጀመሩ። ዓይኔ ከአንዱ እግር ወደ አንዱ እግር ይሮጣል፣ የቱን እንደማይ ጠፋኝ።

«ያውልህ» አለች እማዬ በሹክሹክታ።

«የቷ?»

«ከኋላ የቀረችው። በአንድ በኩል ዝቅ የምትለው።»

አየኋት። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ከሌሎቹ የማትለይ ወፍ። በአንድ በኩል ዝቅ፣ በሌላው ብድግ፤ አንድ የማይታይ ደረጃ እየወጣች የምትወርድ ነበር የምትመስለው። ትቆማለች፣ ጭቃውን ጠቅ ታደርጋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። አትቸኩልም።

«አካሄዷ የእሱ ነው» አለች እማዬ። «የልጄ አካሄድ ነው።»

ያን ጊዜ መጣ። ቀብሩ ላይ አልወጣ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። እጄ ጭንቅላቴ ላይ ነው፣ መጥረግ አልችልም፤ እንባው ከዝናቡ ጋር በአገጬ ይወርዳል፤ ከአፌም ድምፅ ይወጣል፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ አላውቀውም። ሰዉ ሁሉ ተከተለኝ። እትዬ ዘነበች፣ ሠራተኞቹ፣ ጋሽ ይመር። ምን እንዳስለቀሰኝ ያወቀች እናቴ ብቻ ነበረች፤ ሌላው ያለቀሰው ወንድሜን ነው። አንድ ነገር ነበርና ልዩነቱን አላረምኩም። አስካሪው አየኝ፣ ካቦውን ሰርቆ አየ፣ ከዚያ በአገጩ እጄን እንዳወርድ ፈቀደልኝ።

ስንጨርስ ሠራተኞቹ ተነስተው ቦዩን መድፈን ጀመሩ። ጣሊያን በአገራችን በቆየበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቀስ ተብሎ የተሠራ ሥራ ያለ አይመስለኝም። አንዱ አካፋ አፈር ይይዝና ስለ ጌታነህ አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ሌላው አካፋውን ተደግፎ ይሰማል። ካቦው መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይላል። ወፎቹ እስኪመሽ በሉ። እትዬ ዘነበች ተነሱና ወንጭፉን ለጋሽ ይመር መለሱላቸው፤ ጋሽ ይመር ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። በዚያ ዓመት ኩሬው አጠገብ ያለው ማሽላቸው ክፉኛ ተበላ ይባላል። ጠይቄያቸው «የአላህ ነው» ብቻ አሉኝ።

እኔ እማዬን ቤት አድርሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ጌታነህ መቃብር ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፤ መግቢያ ነበረው፣ ስለ ሰው ልጅና ስለ አእዋፍ የሚል ነገር ነበረው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ፈረንሳይኛም አስገብቼበት ነበር። ቀብሩ ላይ ያፈርኩትን ሁሉ ላካክስበት ነው። አፈሩ ገና አዲስ ነው፣ ዝናቡ አርጥቦታል። ጎንበስ አልኩ። አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ልማዴ ጠፋብኝ።

«መጣች» አልኩት።

ይህ ብቻ ለእሱ እንደማይበቃው አውቃለሁ፤ እሱ ስለ እሷ ማታ ማታ ሲያወራኝ ዝርዝር ይወድ ነበር። ዓምና አይቻት አላውቅም፤ ግን እንዳየኋት አስመሰልኩ።

«ትንሽ ከስታለች» አልኩት። «እግሯ ግን እንደ ድሮው ነው።»